ጊታሩ ለጀማሪዋ ይሰጥ፤ አምፕሊፋየሩ ግን ይቆይ

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)



ባለፈው የአል ሻምኻ ስብሰባችን «ልዩ ልዩ» በሚለው ርእስ ሥር በመጨረሻ የቀረበው ጉዳይ፣ ከሌሎቹ አጀንዳዎች ሁሉ የበለጠ ጊዜ መውሰዱ ይታወሳል። ጉዳዩ የአንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ ጊታር ጉዳይ ነው። ውይይቱ ሳይቋጭ ለሚቀጥለው ስብሰባ ስለተላለፈ፣ ሰዓት አልቆ ሳልናገረው የቀረሁትን አሳብ በመጽሔታችን በኩል ለማቅረብ እወዳለሁ። ከዚህ በታች የሰፈረው የአንድ አባል አስተያየት እንጂ የማኅበሩ አቋም አይደለም።

በስብሰባው ላይ ላልነበሩ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። በአቡ ዳቢ ለረጅም ዓመታት ሠርተው በቅርቡ ጠቅልለው ወደ አገራቸው የተመለሱ አንድ አባት፣ በወጣትነታቸው ይጫወቱበት የነበረውን ጊታር ከነአምፕሊፋየሩ ለማኅበራችን ሰጥተዋል። ሲሰጡም ያሉት ለሚማርበት ሰው ይሁን ነው። ከዚህ ዓመት አዲስ ገቢዎች አንዷ የሆነችው በአል ዓይን የነርስነት ተማሪ እኅታችን ጊታሩን ለመማሪያ ጠይቃለች። ከዚህ በፊት ጊታር ይዛ አታውቅም። ይህንኑም ራሷ በግልጽ ተናግራለች።

በዚህ ላይ ሦስት አሳብ ተሰነዘረ። አንደኛው፣ ጊታሩ ዋጋ ያለው ስለሆነ ይሸጥና ብዙ አዳዲስ የጀማሪ ጊታር ይገዛበት የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ቅርስ ስለሆነ በክብር ይቀመጥ የሚል ነው። ሦስተኛው ይሰጣት የሚል ነው። እኔ ከሦስተኛው ወገን ነኝ። ነገር ግን «ይሰጣት» ማለት ብቻውን በቂ መልስ ስላልሆነ፣ ምን እንደሚሰጣትና እንዴት እንደሚሰጣት መነጋገር ይኖርብናል።

1. ጊታሩ ምንድን ነው?

ክርክራችን የተምታታበት አንዱ ምክንያት፣ ስለምን ዓይነት ዕቃ እንደምንናገር ሳናጣራ መነሣታችን ነው። «ቪንቴጅ» የሚለው ቃል በተነገረ ቁጥር ሁላችንም አንድ ነገር የምናስብ ይመስላል፤ በመስታወት ውስጥ ያለ፣ የማይነካ፣ በሺህ በሚቆጠር ዶላር የሚሸጥ ዕቃ። እርግጥ እንዲህ ያለም አለ። ጊብሰን ኩባንያ ከ1958 እስከ 1960 የሠራቸው ሌስ ፖል ስታንዳርድ ጊታሮች ዛሬ በመቶ ሺህ በሚቆጠር ዶላር ይሸጣሉ። ለማኅበራችን የተሰጠው ከእነዚህ አንዱ ቢሆን ኖሮ፣ እኔም ለጀማሪ ይሰጥ አልልም ነበር። አንድ ጀማሪ እንዲህ ያለውን ዕቃ መኝታ ቤቱ አስቀምጦ እንቅልፍ አይወስደውም።

የእኛው ግን ፌንደር ሙስታንግ ነው። ከአንገቱ ጀርባ ባለው የብረት ሳህን ላይ ትልቅ የ«ኤፍ» ፊደል ተቀርጾበታል። ፌንደር ይህን ሳህን በዋናነት የተጠቀመው ከ1965 መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ጊታሩ ከሃምሳ ዓመት ያላነሰ ወይም በዚያ አካባቢ ዕድሜ እንዳለው መገመት ይቻላል። ታዲያ ሙስታንግ ለማን የተሠራ ጊታር ነው? ለተማሪ ነው! ፌንደር በ1956 ሚዩዚክማስተርና ዱኦ ሶኒክ የተባሉትን ጊታሮች ለጀማሪዎች ብሎ አወጣ። በ1964 ደግሞ ሙስታንግን በዚያው መስመር ጨመረበት። ጊብሰንም በ1954 ሌስ ፖል ጁኒየር የተባለውን ያወጣው አቅማቸው ለትልቁ ሌስ ፖል ለማይደርስ ጀማሪዎች ነበር። ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው ከእነዚህ ብዙዎቹ፣ በዘመናቸው የተማሪ ደብተርና እርሳስ ያህል ተራ ነበሩ።

በስብሰባው ላይ አንድ ወንድማችን «የሴት ልጅ ጣት አይችለውም» ብሎ ነበር። ሙስታንግ የተሠራው ይህን ለመሰለው ችግር መልስ እንዲሆን ነው። ትልቁ የፌንደር ጊታር፣ ስትራቶካስተር፣ የክሩ ርዝመት 64.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሙስታንግ የተለመደው ርዝመት ግን 61 ሴንቲ ሜትር ነው። ፍሬቶቹ ይቀራረባሉ፤ ክሩም በጣት ሲጫኑት ይለሰልሳል። ይህ ለትንሽ እጅ ሁሉ፣ የወንድም ይሁን የሴት፣ ይመቻል። ደግሞስ ጊታር የወንድ ዕቃ ነው ያለው ማን ነው? ፌንደር ራሱ በ2018 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በአሜሪካና በእንግሊዝ አዲስ ጊታር ከሚጀምሩት ግማሽ ያህሉ ሴቶች ሆነው ተገኝተዋል።

2. «ይሸጥና ብዙ ይገዛበት» ስለሚለው አሳብ

ይህ አሳብ የሚናቅ አይደለም። አሳቡን ያቀረቡት አባላት የሚጨነቁት ለብዙኃኑ ነው፤ አንድ ጊታር ለአንድ ሰው ከሚሆን፣ አራት ወይም አምስት ጊታር ለአራትና ለአምስት ሰው ቢሆን ይሻላል ይላሉ። በሒሳብ ደረጃ ልክ ናቸው። የተማሪ ጊታሮች ዋጋ ከ1990ዎቹ ወዲህ በጣም ወጥቷል። ለዚህ አንዱ ምክንያት የኒርቫናው ከርት ኮቤይን ሙስታንግን ይወድ ስለነበር ነው። በ1991 በወጣው ታዋቂ የሙዚቃ ፊልሙ ላይ የያዘው የ1969 ሙስታንግ፣ በ2022 በጨረታ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። የእኛው የዚህን ሽራፊ አያወጣም፤ ቢሆንም ከብዙ አዳዲስ የጀማሪ ጊታሮች ዋጋ ጋር ይመጣጠናል።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገር እንመልከት። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ጊታር የጠየቀው ስንት ሰው ነው? አንድ ሰው ነው። አምስት ጊታር ገዝተን አራቱን የምናስቀምጠው ለማን ነው? ነገ ሌሎች አራት ቢመጡ ያን ጊዜ መዋጮ አድርገን እንገዛለን፤ አዲስ የጀማሪ ጊታር ተሰባስበን የማንችለው ዕቃ አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ፣ የሰጪው ቃል አለ። ለሚማርበት ሰው ይሁን ተብሎ የተሰጠንን ዕቃ ወደ ገበያ ማውጣት፣ ገንዘቡ ለደግ ሥራ ቢውልም እንኳ፣ አደራ መብላት ነው። ነገ ሌላ አባት መጽሐፉን ወይም መሣሪያውን ሊሰጠን ሲያስብ፣ የሰማው ወሬ «ይሸጡታል» የሚል ከሆነ ምን ያደርጋል? ማኅበር በገንዘብ ብቻ አይቆምም። በመታመንም ይቆማል።

3. «ቅርስ ነው፤ ይቀመጥ» ስለሚለው አሳብ

በየቤታችን ያለውን ቡፌ እናስታውስ። በመስታወቱ ውስጥ የተደረደረው ሲኒ ለእንግዳ ነው ይባላል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ «ይሰበራል» ተብሎ በሌላው ይቀርብለታል። ልጆች አድገው ይወጣሉ፤ ሲኒው ግን ከንፈር ሳይነካው ያረጃል። ጊታሩን እናስቀምጠው የሚሉት አባላት ቅን አሳብ እንዳላቸው አልጠራጠርም። ግን የሚሉት ይህንኑ ሲኒ ነው።

ደግሞም ማስቀመጥ ማለት መጠበቅ ማለት አይደለም፤ በተለይ በዚህ አገር። ጊታሩ አሁን ያለው አል ሻምኻ በምንሰበሰብበት ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሁላችንም ለዕረፍት ስንበተን፣ ቤቱ ይዘጋል፤ አየር ማቀዝቀዣው ይጠፋል። የውጭው ሙቀት ከ45 ዲግሪ በላይ ሲወጣ፣ ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት ሲጨመርበት፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ እንጨት ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። አንገቱ ይጎብጣል፤ ክሩ ይዝጋል፤ የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ ዝገት ይዞአቸው መንጫጫት ይጀምራሉ። በአንጻሩ በየቀኑ የሚነሣ ጊታር ሰው በሚኖርበት፣ በሚቀዘቅዝ ክፍል ውስጥ ይውላል። ክሩ ይቀየራል፤ አንገቱ ሲጎብጥ በጊዜው ይታያል። ስለዚህ «ይጠበቅ» የሚል ሰው፣ በእውነት ጥበቃውን ከፈለገ፣ «ይሰጥ» ማለት ይገባዋል።

ስለ ቅርስ ካነሣን ደግሞ፣ የአገራችን የዘመናዊ ሙዚቃ ቅርስ እንዴት እንደተገኘ እንጠይቅ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ የነበሩት ትልልቅ የሙዚቃ ክፍሎች የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ነበሩ። መሣሪያው የመንግሥት ነው፤ የሚማርበት ግን ወጣቱ ነበር። ኃይሉ መርጊያ ገና በልጅነታቸው ወደ ጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ገብተው ሙያውን ጀመሩ። በኋላ ዋሊያስ ባንድ ውስጥ ሆነው በ1977 «ጨ በለው» የተባለውን አልበም አወጡ። አምሃ እሸቴ በ1969 የሸክላ ማሳተም ሥራውን ሲጀምሩ፣ ማሕሙድ አሕመድ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን ሲቀርጹ፣ ሰላም ስዩም በአይቤክስ፣ ቀጥሎም በሮሃ ባንድ ጊታር ሲጫወቱ፣ ዛሬ «ቪንቴጅ» የምንላቸው መሣሪያዎች የሥራ ዕቃ ነበሩ። ማታ ማታ ክበብና ሆቴል ውስጥ ይሠራባቸው ነበር። ቅርስ የሆነው ድምፁ ነው። ድምፁም የተገኘው መሣሪያው በሰው እጅ ስለነበረ ነው።

እንዲያውም የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ለእኛ ለስደተኛ ተማሪዎች የቀረበ ነው። ዋሊያስ ባንድ በ1981 ወደ አሜሪካ ለሥራ ሲሄድ፣ እሳቸው እዚያው ቀሩ፤ ዋሽንግተን ውስጥም ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዱ። ኪቦርዳቸውን በታክሲው የዕቃ ማስቀመጫ ይዘው እየዞሩ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት ይለማመዱ ነበር። በ1985 የቀረጹት ሥራቸው በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲሰማውና ወደ መድረክ ሲመለሱ፣ ጣታቸው አልተኛም ነበር። መሣሪያውን ቤት ውስጥ ሸፍነው አስቀምጠውት ቢሆን ኖሮስ?

ሩቅ ሳንሄድ፣ እዚሁ አቡ ዳቢ ከተማ በ2008 የተከፈተውን ቤት አል ዑድን መጥቀስ ይቻላል። በኢራቃዊው የዑድ ሊቅ በናሲር ሻማ የተቋቋመ ነው። ዐረቦች የዑድን ቅርስ ለመጠበቅ ሲያስቡ የሠሩት ቤት፣ ዑድ የሚሠራበትና ዑድ የሚማሩበት ቤት ነው። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ይመስለኛል።

4. «ጀማሪ ናት፤ ትተወዋለች» ስለሚለው አሳብ

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ጊታር ከሚጀምሩት ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያቆማሉ። ለምን ያቆማሉ? ስንፍና ብቻ አይደለም። የጣት ጫፍ ቆዳ በብረት ክር ላይ ሲጫን ያማል። ቆዳው እስኪጠነክር ድረስ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መለማመድ ያስፈልጋል፤ አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ተጫውቶ ሳምንት መተው ጣትንም አንጓንም ይጎዳል። በዚህ ላይ ጊታሩ በትክክል ያልተስተካከለ ከሆነ፣ ክሩ ከአንገቱ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ፣ ቅኝቱም የማይጸና ከሆነ፣ ጀማሪው ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። «ጆሮ የለኝም፤ አልተፈጠርኩበትም» ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ ግን የመሣሪያው ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር በግልጽ ላስቀምጥ፦ ያልተጠገነ አሮጌ ጊታር ለጀማሪ መስጠት ከርካሽ አዲስ ጊታር የባሰ ነው። ሙስታንጉ ከመሰጠቱ በፊት ወደ ጠጋኝ መሄድ አለበት። በአንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ ይስተካከል፤ የክሩ ከፍታ በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይውረድ፤ ቀጭን ክር፣ ባለ 0.009 ወይም 0.010 ኢንች፣ ይታሰርበት፤ መቆጣጠሪያዎቹ ይጽዱ። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ጀማሪ ስለሆነች ጥሩ ዕቃ አይገባትም» የሚለው አስተሳሰብ ከየት የመጣ ነው? እኔ የሕክምና ተማሪ ነኝ። የአካል ጥናት ስንጀምር ከፊታችን የሚቀርበው የፕላስቲክ አሻንጉሊት ብቻ አይደለም። ምንም ለማናውቀው፣ ቢላዋ አያያዝ ገና ለምንማረው፣ ገላቸውን ለትምህርት ያበረከቱ ሰዎች አካል ይቀርብልናል። በዓለም ላይ ከዚያ የከበረ ምን ዕቃ አለ? ግን «እስኪያውቁ ይቆይ» አይባልም። እንዲያውቁ ነውና የሚሰጠው! የሚጠየቀው ሌላ ነገር ነው፤ መምህር ከአጠገብ መኖሩ፣ ሥርዓት መኖሩ፣ አክብሮት መኖሩ።

በሌላ በኩል ግን በሽተኛ ላይ መርፌ ለመውጋት ስንማር፣ መጀመሪያ የሚሰጠን የፕላስቲክ ክንድ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? የዕቃው ውድነት አይደለም። የፕላስቲኩ ክንድ ርካሽ ስለሆነ አይደለም የተመረጠው፤ ስሕተቱ የሚጎዳው ሕያው ሰው ስለሆነ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ ምን ይሰጥ፣ ምን ይከልከል ስንል የምንጠይቀው «ስንት ያወጣል?» ብለን ሳይሆን «ቢሳሳት ማን ይጎዳል?» ብለን መሆን አለበት።

በዚህ መለኪያ ጊታሩን እንመዝነው። ጀማሪዋ ብትሳሳት ምን ይሆናል? ቀለሙ ይጫራል፤ ክር ይበጠሳል። ሰው አይጎዳም። እንግዲያው ይሰጣት።

5. አምፕሊፋየሩ ለምን ይቆያል?

በዚያው መለኪያ ግን አምፕሊፋየሩ አያልፍም። በስብሰባው ላይ ስለ ጊታሩ ሁሉም ሲከራከር፣ ስለ አምፕሊፋየሩ የተናገረ አልነበረም፤ «አብሮ ይሄዳል» ተብሎ ታልፏል። አደጋው ያለው ግን እሱ ላይ ነው።

መሣሪያው ለአሜሪካ 120 ቮልት የተሠራ ባለ መብራት ቱቦ አምፕሊፋየር ነው፤ እዚህ ያለው ኃይል 230 ቮልት ነው። መሰኪያው ባለ ሁለት እግር ነው፤ የመሬት መስመር፣ ግራውንድ የሚሉት፣ የለውም። በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ አምፕሊፋየሮች ውስጥ፣ ከኤሌክትሪኩ መስመር ወደ ብረት አካሉ የሚያገናኝ አንድ ካፓሲተር አለ። ጠጋኞች ስም አውጥተውለታል፤ የሞት ካፓሲተር ይሉታል። ይህ ዕቃ አርጅቶ ሲበላሽ፣ የቤቱ ኤሌክትሪክ በብረት አካሉ፣ በገመዱ፣ በጊታሩ ክር በኩል ወደ ተጫዋቹ እጅ ይመጣል። ተጫዋቹ በዚያ ጊዜ ሌላ ብረት ወይም ውኃ ከነካ መንገዱ በደረቱ በኩል ያልፋል። ልብን ከሥርዓቱ ለማውጣት የአንድ አምፒር አንድ አሥረኛ ገደማ ይበቃል። ይህ አሮጌው የ60 ዋት አምፖል ከሚስበው ያነሰ ነው።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። በ1972 የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታር ተጫዋች የነበረው ለስ ሃርቪ፣ በዌልስ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ግራውንዱ በትክክል ያልተያያዘ ማይክሮፎን ነክቶ በኤሌክትሪክ ሞቷል። እሱ ጀማሪ አልነበረም። ጀማሪማ የሚያስጠነቅቀውን ምልክት እንኳ አይለይም፤ ጣቱን ሲነዝረው «የኤሌክትሪክ ጊታር እንዲህ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ስለሆነም አምፕሊፋየሩ ብቃት ያለው ቴክኒሽያን ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ እስኪያስገባለት፣ ያን ካፓሲተር እስኪያወጣለትና ትክክለኛውን የቮልት መቀነሻ እስኪያገኝለት ድረስ አይሰካ። ከመካከላችንም ማንም «እኔ እከፍተዋለሁ» አይበል፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ኃይል ይዞ ይቆያል። እኅታችን እስከዚያው በጆሮ ማዳመጫ የሚሠራ ትንሽ ባለ ባትሪ አምፕሊፋየር ትጠቀም። ይህ ለመኝታ ክፍል ጎረቤቶቿም እፎይታ ነው።

6. ለሚቀጥለው ስብሰባ የማቀርበው አሳብ

ከላይ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች በመነሣት፣ የሚከተለው እንዲወሰን አሳስባለሁ።

ሀ) ጊታሩ ከተስተካከለ በኋላ ለእኅታችን በአደራ ይሰጣት። አደራ ስል የማኅበሩ ንብረት ሆኖ፣ እየተማረችበት እስካለች ድረስ በእሷ እጅ ይኑር ማለቴ ነው። ስትተወው ወይም ስትመረቅ ለቀጣዩ ጀማሪ ይተላለፋል። ብትተወው ደግሞ አታፍርም፤ እኛም አንወቅሳትም። ጊታሩ ወደሚቀጥለው እጅ ይሄዳል እንጂ አልባከነም።

ለ) በጨዋታ ብዛት የሚመጣ ጭረትና መላላጥ አያስጠይቃት። ይህን አንቀጽ በተለይ አጠብቀዋለሁ። ውድ ዕቃ ለጀማሪ ሲሰጥ ትልቁ ጉዳት ፍርሃት ነው፤ የሚፈራ ሰው ክሩን በሚገባ አይመታም። አስፈራርተን ከሰጠናት አልሰጠናትም።

ሐ) ሦስት ነገር ግን ክልክል ይሁን። ቀለሙን መቀየር፤ የቀድሞ ክፍሎቹን ሳያማክሩ አውጥቶ መጣል፤ ጊታሩን በቆመ መኪና ውስጥ መተው። የተቀየረ ክፍል ቢኖር አሮጌው በከረጢት ተደርጎ ከጊታሩ ጋር ይቀመጥ። ከአል ዓይን አል ሻምኻ ያለውን መንገድ የምናውቅ ሁሉ፣ የሦስተኛው ምክንያት አይጠፋንም።

መ) ጊታር የሚችሉት ሁለት አባሎቻችን በየወሩ ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰዓት ያስተምሯት፤ መሣሪያውንም ይመልከቱላት። ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች መካከል አራቱ ቅኝቶቻችን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ ይኑሩ። ባለ ስድስት ክሩ ክራር የሚጫወተውን ይህ ባለ ስድስት ክርም ይችለዋል።

አንዳንድ አባላት «በስኮላርሺፕ የመጣ ተማሪ ለሙዚቃ ምን ጊዜ አለው?» ይሉ ይሆናል። ሙላቱ አስታጥቄም ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ የተመለሱት ግን በሙዚቃ ነው። ይህን ምሳሌ ወላጆቻችን ባይሰሙት ይሻላል። እኅታችን ነርስነቷን ትተዋለች ብዬ አላስብም። በቀን ሃያ ደቂቃ ጊታር ይዛ ብትቀመጥ ፈተና አትወድቅም። በባዕድ አገር የመጀመሪያ ዓመቷን የምታሳልፍ ልጅ ግን ማታ ማታ የሚያነጋግራት ነገር ያስፈልጋታል።

ማኅበራችን ከቀደሙት ብዙ ነገር ተረክቧል፤ መጻሕፍት፣ የስብሰባ ቤት፣ አሁን ደግሞ ጊታር። የተረከብነውን ቆልፈን ብናስረክብ ቁልፉን ብቻ ነው የምናስረክበው። ለማኅበሩ ትናንት የገባችውን፣ ገና ምንም ያላሳየችውን አባል አምነን ከሰጠናት ግን፣ ለሚቀጥሉት አዲስ ገቢዎችም የዚህ ቤት ልማድ ምን እንደሆነ ይታወቃል። የሚቃወም አባል ካለ በሚቀጥለው እትም መልሱን ይጻፍ፤ ድምፅ የምንሰጠው ከዚያ በኋላ ቢሆን እመርጣለሁ።

አንድ የሕክምና ተማሪ
ከአል ዓይን